የ"ሲ 63" ማርሚታ ለ"ሲ 200" መርሰዲስ፦ ምን ይሰጣችኋል? ምን ያስከፍላችኋል?

ከድሬዳዋ ከተማ ወጥታችሁ እንደ ቢዮ አዋሌ ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች ስትሄዱ፣ ከተማ ውስጥ የማትሰሙትን አንድ ነገር ትሰማላችሁ፦ የራሳችሁን መኪና። የባጃጁ ጩኸት ከኋላችሁ ቀርቷል። መስኮቱን ዝቅ ስታደርጉ የማርሚታው ድምፅ ከኮረብታው ጋር ተጋጭቶ ይመለስላችኋል። ጥሩ መኪና ያለው ወጣት እዚህ ጋ "ይቺን መኪና የትልቁን ሞዴል ማርሚታ ብገጥምላትስ?" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ጥያቄው በውስጥ መስመርም በጋራዥ በርም ይነሳል። ሲ 200 መርሰዲስ ያለው የሲ 63ን ይፈልጋል፣ 320 ቢኤምደብሊው ያለው የኤም 3ን፣ ላንድክሩዘር ያለው የሌክሰስን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንድ ጊዜ እንየው።

■ አጭሩ መልስ

የትልቁ ሞዴል ማርሚታ መልክና የተወሰነ ድምፅ ይሰጣችኋል። የትልቁን ሞዴል ጉልበት አይሰጣችሁም። የኋላውን ማርሚታ ብቻ በደንብ ከተገጠመ መቀየር ይቻላል። ከዚያ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና ወደ ሴንሰሮቹ ከተሄደ ግን ኪሳችሁንም፣ ሞተራችሁንም፣ ጤናችሁንም የሚነካ ነገር ውስጥ ትገባላችሁ።

ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ።

■ የጭስ ማውጫ መስመር ምን ምን አለው?

ብዙ ሰው "ማርሚታ" ሲል ከመኪናው ኋላ የሚታየውን ጣሳ ብቻ ያስባል። መስመሩ ግን ከሞተሩ ይጀምራል።

1. ማኒፎልድ፦ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ የሚያስገባው ክፍል ነው። እዚህ ጋ ሙቀቱ በጣም ከፍተኛ ነው።

2. ካታሊቲክ ኮንቨርተር፦ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች በስሱ ተቀብተውበታል። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደማይጎዱ ወይም ጉዳታቸው ወደቀነሰ ጋዞች ይቀይራል። ሥራውን በደንብ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ነው።

3. የኦክስጅን ሴንሰሮች፦ ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው ለሞተሩ ኮምፒውተር "ነዳጅ በዝቷል፣ አንሷል" ብሎ ይነግራል። ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ደግሞ ኮንቨርተሩ መሥራት አለመሥራቱን ይጠብቃል።

4. የመሃል ቱቦና ትንሿ ማርሚታ፦ የሚያስጠላውን ጩኸት እየመረጠች ትቀንሳለች።

5. የኋላው ማርሚታ፦ የቀረውን ድምፅ ያፍናል።

6. አፉ፦ ከባምፐሩ ሥር የሚታየው፣ የሚያብለጨልጨው።

"የትልቁን ማርሚታ ግጠምልኝ" ስትሉ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ መካኒኩ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት። ቁጥር 5 እና 6 አንድ ነገር ነው። ቁጥር 1 እና 2 ሌላ ነገር ነው።

■ ሲ 200 እና ሲ 63፦ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን...

ምሳሌያችን ደብሊው 204 የሚባለው የሲ ክላስ ትውልድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የወጣው። ከውጭ ስታዩዋቸው ሲ 200 እና ሲ 63 ወንድማማቾች ናቸው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ግን ዝምድናው ይቀንሳል።

የሲ 200 ኮምፕረሰር ሞተር 4 ሲሊንደር፣ 1,796 ሲሲ ነው። አየር የሚገፋለት ኮምፕረሰር አለው፤ 184 የፈረስ ጉልበት ያወጣል።

ሲ 63 ኤኤምጂ ደግሞ ቪ 8 ሞተር፣ 6,208 ሲሲ፣ 457 የፈረስ ጉልበት ነው። ስሙ ላይ 6.3 ያስመስላል እንጂ ትክክለኛው መጠን 6.2 ሊትር ነው፤ ቁጥሩ የድሮውን 300 ኤስኢኤል 6.3 ለማስታወስ የተቀመጠ ነው። ኤኤምጂን እ.ኤ.አ. በ1967 የመሠረቱት ሃንስ ቨርነር አውፍሬኽት እና ኤርሃርድ ሜልኸር የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው። ኤ እና ኤም የስማቸው መነሻ ሲሆን፣ ጂ ደግሞ አውፍሬኽት የተወለደባት የግሮሳስፓኽ መነሻ ናት።

እዚህ ጋ ዋናው ልዩነት ይመጣል። ቪ 8 ሞተር ግራና ቀኝ አራት አራት ሲሊንደር ስላለው ከሁለቱም ወገን ቱቦ ይወጣል፤ ሁለት መስመር ሆኖ እስከ ኋላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም አራት አፍ ይሆናል። ባለ 4 ሲሊንደሩ ግን በአንድ መስመር ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ የሲ 63ን ማርሚታ በሲ 200 ላይ ለመግጠም አንዱን ቱቦ መሃል ላይ ለሁለት መክፈል፣ አዲስ ማንጠልጠያ መሥራት፣ የኋላውን ባምፐር መቀየር ወይም መቁረጥ የግድ ይሆናል። "ፈትቶ መግጠም" የሚባለው ነገር እዚህ የለም። ብየዳ ነው።

■ "ግን ጉልበት ይጨምራል ይላሉ?"

ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ጉልበት የሚመጣው ሞተሩ ውስጥ ከሚገባው አየርና ነዳጅ ነው። የሲ 63 ቱቦ ሰፊ የሆነው የ6.2 ሊትር ሞተር ጭስ ማስወጣት ስላለበት ነው። ያን ሰፊ ቱቦ 1.8 ሊትር ሞተር ላይ ብትገጥሙ ሞተሩ 6.2 ሊትር አይሆንም። የሕፃን ልጅ እግር ላይ የአባቱን ጫማ እንደማጥለቅ ነው።

እንዲያውም ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ጭሱ በቱቦው ውስጥ ፍጥነቱን ያጣል። ጭስ በፍጥነት ሲወጣ ከኋላው ያለውን እየሳበ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ይህ መሳብ ይዳከማል፤ በተለይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ መኪናዋ ሰነፍ ትሆናለች። ከድሬ ወደ ደንገጎ ጠመዝማዛውን ስትወጡ ከመዞሪያ ወጥታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ የምትፈልጉት ደግሞ ይህንኑ የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው።

"ሞተር ትንሽ መታፈን አለበት፣ ካልታፈነ ጉልበት ያጣል" የሚባለውስ? በከፊል የተሳሳተ አባባል ነው። ሞተር መታፈንን አይወድም። የሚፈልገው ለመጠኑ የሚስማማ ቱቦ ነው። ፋብሪካው ያንን አስልቶ ነው የሠራው።

በሌላ በኩል የኋላውን ማርሚታ ብቻ በቀየራችሁ ጊዜ ለትንሽ ሞተር የሚጨመረው ነገር እግራችሁ ላይ የማይሰማ ያህል ትንሽ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ጉልበት የሀገራችን ከፍታ ራሱ ይወስድባችኋል። ደንበኛው ግምት በየ300 ሜትር ከፍታ ኮምፕረሰርም ተርቦም የሌለው ሞተር 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል የሚለው ነው። ድሬዳዋ ከተማ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ያለ ኮምፕረሰር የሚሠራው የሲ 63 ሞተር ራሱ ከ457 ወደ 400 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር መሬት ደግሞ ከቆላው ተነስቶ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ከ2,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሞተሩ የሚያገኘው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ማርሚታ ይህን አይመልስም።

■ ድምፁስ? ቢያንስ እንደ ቪ 8 ይጮኻል?

አይጮኽም። ሒሳቡ ቀላል ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ባለ 4 ሲሊንደሩ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ባለ 8 ሲሊንደሩ ደግሞ በሰከንድ 200 ጊዜ ይተኩሳል። የቪ 8 ያ ወፍራምና የተደራረበ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ብዛትና ቅደም ተከተል ነው። ማርሚታ ድምፅን ያጠራል፣ ያፍናል፣ ያወፍራል እንጂ የሌሉ 4 ሲሊንደሮችን አይፈጥርም። የክራር ሳጥን ብታሰፉት በገና አይሆንም።

የምታገኙት ምንድነው? ትንሽ ወፈር ያለ የአራት ሲሊንደር ድምፅ። ሥራው መጥፎ ከሆነ ደግሞ በአውራ ጎዳና ላይ ጆሮ ውስጥ የሚቀር "ዡዡዡ" የሚል ጉምጉምታ። ይህ ጉምጉምታ ከድሬ አዲስ አበባ ድረስ አብሯችሁ ሲሄድ ምን እንደሚመስል አስቡት አቦ!

■ ታዲያ የሚሠራበት ሁኔታ የለም?

አለ። ደንቡ አንድ ነው፦ ከቤተሰቡ አናት ሳይሆን ከቅርብ ዘመድ ውሰዱ። ተመሳሳይ ሻሲ፣ ተመሳሳይ የሞተር ቤተሰብ፣ የተቀራረበ ሲሲ።

ጥሩ ምሳሌ የድሮው ኢ 46 ቢኤምደብሊው ነው። 325 እና 330 ሁለቱም 6 ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ከአንድ የሞተር ቤተሰብ ናቸው። አንዱ 2.5 ሊትር፣ ሌላው 3 ሊትር ነው። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ የ330ው የኋላ ማርሚታ ወደ 325 ሲሄድ ነገሩ ምክንያታዊ ነው። እዚያም ቢሆን የ330 ተጨማሪ ጉልበት የመጣው ከሞተሩ መጠን እንጂ ከማርሚታው አይደለም።

ሁለተኛ ምሳሌ ሀገራችን ውስጥ በደንብ የምናውቃቸው ናቸው፦ ላንድክሩዘር 200 እና ሌክሰስ ኤልኤክስ 570። አንድ ሻሲ ነው ያላቸው። ላንድክሩዘሩ የ5.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ካለው ከሌክሰሱ ጋር ይቀራረባሉ። ግን ልብ በሉ፤ "ቪ 8" ብለን የምንጠራው ላንድክሩዘር ብዙ ጊዜ 4.5 ሊትር ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ተርቦ አለው፣ የጭስ መስመሩም ሌላ ነው። ውጪው አንድ ስለሆነ ብቻ "ይገጥማል" ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ለሲ 200 ባለቤትም ከሲ 63 ይልቅ እዚያው ሲ ክላስ ውስጥ ያሉት ባለ 6 ሲሊንደር ሞዴሎች ይቀርባሉ። ቢሆንም የማንጠልጠያ ቦታው፣ የባምፐሩ ቅርፅና የትርፍ ጎማው ጉድጓድ አንድ መሆናቸውን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

መልኩን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሐቀኛው መንገድ አፉን ብቻ መቀየር ነው። ያብለጨልጫል፣ ርካሽ ነው፣ ሞተሩን አይነካም።

■ በፍጹም የማይነካው፦ ካታሊቲክ ኮንቨርተር

አንዳንድ ቦታ "ኮንቨርተሩን አውጥተን ባዶ ቱቦ እናድርግበት፣ ይተነፍሳል" ይባላል። ኮንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ብረቶች ውድ ስለሆኑ የወጣው ዕቃ ገበያ አለው። "በነፃ አወጣልሃለሁ" የሚላችሁ ሰው ነፃ ሥራ እየሠራላችሁ ላይሆን ይችላል።

ከወጣ ምን ይሆናል?

• ከኮንቨርተሩ ኋላ ያለው ሴንሰር ችግሩን ያያል። ቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። በኮምፒውተር ስታስመረምሩ ፒ 0420 የሚል ኮድ የሚያወጣው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። መብራቱ ሁልጊዜ ከበራ ደግሞ ነገ እውነተኛ ችግር ሲመጣ አታውቁትም።

• ሴንሰሩ አካባቢ ጭስ የሚያስገባ የሚያስወጣ ቀዳዳ ከተፈጠረ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ ይሳሳታል፤ ሞተሩ ያለአግባብ ነዳጅ ይጨምራል። ለነዳጅ ሰልፍ የተሰለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

• ጭሱ ሳይጣራ ይወጣል። ከኋላችሁ ያለው ባጃጅ ሹፌር ነው የሚስበው።

ይህ ዕቃ የመጣው በብዙ ልፋት ነው። በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት መገጠም የጀመረው በ1975 ሞዴሎች ነው። እርሳስ ያለው ቤንዚን ኮንቨርተሩን ስለሚያበላሽ ዓለም እርሳስን ከቤንዚን ማውጣት ነበረበት። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ጨረሱ። የመጨረሻዋ ሀገር አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021 አቆመች። ያን ሁሉ መንገድ ተሂዶ የመጣውን ዕቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጋዝ ቆርጦ መጣል ያሳዝናል።

■ የሚገድለው ክፍል፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትሂዱ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቆማል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ ድካም ነው። ሹፌር ደግሞ ይህን "ሙቀቱ ነው፣ እንቅልፍ ነው" ብሎ በቀላሉ ያልፈዋል።

በቱቦው መካከል፣ ከመቀመጫችሁ ሥር፣ በደንብ ያልተበየደ ስፌት ካለ ጭሱ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በድሬ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ኤሲ ከፍቶ መንዳት የተለመደ ነው። ቆሞ ሞተር አስነስቶ ኤሲ ውስጥ መተኛትም እንዲሁ። ማርሚታው ከተነካ በኋላ ይህን ማድረግ እውነተኛ አደጋ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ማርሚታው ጤነኛ ቢሆን እንኳ የተከለከለ ይሁን።

ማርሚታ ካስቀየራችሁ በኋላ መኪና ውስጥ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፦ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ውጡ፣ ንጹህ አየር ሳቡ። ካልተሻላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። መኪናዋን ሳታስመረምሩ አትንዷት።

■ ገጠር መንገድ ላይ የሚመጡ ነገሮች

እነዚህ በአውሮፓ ቪዲዮዎች ላይ አይነገሩም። እኛ ጋ ግን ዋና ናቸው።

አንደኛ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ። ሁለት ማርሚታና ሰፊ ቱቦ ዝቅ ብለው ይንጠለጠላሉ። አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ጠጠርና አሸዋማ ወንዝ መሻገሪያ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። አንድ ድንጋይ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱና ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ሳር። ትኩስ ኮንቨርተርና ቱቦ ደረቅ ሳርን ማቀጣጠል ይችላል። የፋብሪካው ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ በሥራ ላይ ተፈትቶ ከተጣለ አደጋው ይጨምራል። በበጋ መንገድ ዳር ሳር ላይ አታቁሙ።

ሦስተኛ፣ ሰውና እንስሳት። በእነዚህ መንገዶች ላይ ግመል፣ አህያ፣ ፍየል፣ ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች አሉ። መዞሪያ ላይ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ የተጫነ አህያ ያስደነብራል። የደነበረ አህያ ወዴት እንደሚሮጥ ማንም አያውቅም። ድምፁ ለእናንተ ደስታ ሲሆን ለባለአህያዋ ቀኗን የሚያበላሽ ሊሆን ይችላል።

ከተማም ውስጥ ቢሆን ድሬ የራሷ ሰዓት አላት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ያርፋል፤ ከምሳ በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው። ከዚራም ሆነ መጋላ ውስጥ በዚያ ሰዓት ማርሚታ ማስጮኽ ጎረቤት የሚያስቀይም ነገር ነው።

■ ሕጉ ምን ይላል?

• አዋጅ ቁጥር 681/2002፣ ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ፣ እኛ "ቦሎ" የምንለው፣ መሠረቱ እዚህ ነው። ሊብሬ ላይ የሞተርና የሻሲ ቁጥር ይሰፍራል፤ የማርሚታ ቁጥር አይሰፍርም። ግን መኪናዋ በምርመራ ወቅት የምታወጣው ጭስ ይታያል። ስለዚህ ትልቅ ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት ቦሎ የምታወጡበትን ቢሮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ከሠራችሁ በኋላ ከመመለስ በፊት መጠየቅ ይረክሳል።

• አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ነው። አየርን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ይመለከታል። በሀገራችን የአካባቢ መመሪያ መሠረት ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለማነጻጸር፣ በአውሮፓ ለአዲስ የቤት መኪና ለረጅም ዓመታት የተፈቀደው፣ ከ7.5 ሜትር ርቀት ሲለካ፣ 74 ዴሲቤል ነበር፤ በኋላ እየቀነሰ ሄዷል። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን በእጥፍ እንደጨመረ አድርጎ ነው የሚሰማው። የፋብሪካው ማርሚታ እንኳ ሠፈር ውስጥ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

■ ለምን ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን?

በሀገራችን 1,800 ሲሲ ትልቅ ድንበር ነው። ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ባለው አዲስ የቤት መኪና ላይ የነበረው ኤክሳይዝ ታክስ 60 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነው። 1,796 ሲሲ ያላት ሲ 200 ከድንበሩ በ4 ሲሲ ብቻ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ሲ 63 ደግሞ አታልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ።

ስለዚህ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለችው የቤንዚን መርሰዲስ ተተኪዋ በቀላሉ አይመጣም። ተለዋጭ ዕቃም ብዙ ጊዜ የሚገኘው አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪኖች ነው። ኮንቨርተር ቆርጣችሁ ብትጥሉ ነገ ትክክለኛውን መልሶ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከተቆረጠ ዕቃ ጋር መኪና ስትሸጡም ገዢው ዋጋ ይቀንሳል።

■ ወስናችኋል? እንግዲያው በዚህ ቅደም ተከተል

1. ማርሚታውን ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን የሻሲ ቁጥር ይዛችሁ የዕቃውን ቁጥር አመሳክሩ። የቱቦውን ስፋት በሁለቱም በኩል በካሊፐር ለኩ። "ይመስላል" አይበቃም።

2. ያገለገለ ከሆነ አራግፉት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ተበላሽቷል። ስፌቱን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ዝገት የበላውን አትውሰዱ።

3. የፋብሪካውን ማርሚታ አትቁረጡ። ብሎንና ዳዶው ዝጎ እንቢ ካለ ዘይት ተደርጎበት ይደር። ተፈትቶ በሙሉ አካሉ ይውጣና ቤት ይቀመጥ። ይህ ዋስትናችሁ ነው።

4. መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነስታ ሥር አይገባም። መደገፊያ ይኑር። ቱቦው እስኪበርድ ይጠበቅ።

5. መጀመሪያ ሳይበየድ በማጥበቂያ ይያዝና ይታይ። ከባምፐሩ፣ ከነዳጅ ቱቦው፣ ከፍሬን መስመሩና ከጎማው ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ሞተር ሲነሳ ሲንቀጠቀጥ የሚነካ ነገር እንዳለ እዩ።

6. ብየዳ ካስፈለገ ዕቃው ከመኪናው ወርዶ ይበየድ። የነዳጅ ታንከሩ እዚያው አጠገብ ነው። የግድ መኪናው ላይ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ አለዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

7. ጓርኒሲዮንና የማንጠልጠያ ጎማ አዲስ ይሁን። አሮጌውን መልሶ መግጠም የቁጠባ ጥያቄ አይደለም፣ የጭስ መፍሰስ ጥያቄ ነው።

8. ሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ወደ ቦታው መመለሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

9. ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስታችሁ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ቀቡ። አረፋ ከሠራ ይፈሳል።

10. ጥቂት ቀን ነድታችሁ ተመለሱ። ብረት ሲሞቅና ሲበርድ ስለሚላላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቁ።

■ መካኒኩን የምትጠይቋቸው 4 ጥያቄዎች

"ጋሼ፣ ኮንቨርተሩን ይነኩታል?" መልሱ "አይ" መሆን አለበት።

"ሴንሰሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ይቀራሉ?" መልሱ "አዎ" መሆን አለበት።

"የድሮው ማርሚታ ሳይቆረጥ ይመለስልኛል?" አሁንም "አዎ"።

"ከተሠራ በኋላ ቼክ ኢንጂን ቢበራ ኃላፊነቱ የማነው?" ይህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይለይ፤ ቢቻል በጽሑፍ።

ከእነዚህ በአንዱ ላይ "ኧረ ችግር የለውም" ብሎ የሚያልፍ ካለ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።

■ በአጭሩ

መልክ ለፈለገ፦ አፉን ይቀይር። ትንሽ ድምፅ ለፈለገ፦ ከቅርብ ዘመድ ሞዴል የኋላውን ማርሚታ፣ በሚገባ ተገጥሞ። ጉልበት ለፈለገ፦ ማርሚታ መልስ አይደለም። መጀመሪያ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ዘይትና የጎማ ንፋስ በጊዜው ይታይ። ብዙ ያረጁ መኪኖች የጠፋባቸው ጉልበት የሚገኘው እዚያ ነው።

የፋብሪካውን ማርሚታ ደግሞ አትሽጡት። ቦሎ ሲደርስ ወይም መኪናዋን ስትሸጡ ትፈልጉታላችሁ።

ጽሑፉን ሴቭ አድርጉት፤ ጋራዥ ልትገቡ ስትሉ ዝርዝሩን አውጥታችሁ አንብቡት። ማርሚታ ሊያስቀይር የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ ቢያንስ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለውን ክፍል ላኩለት።